ፈንገሱ እየተመላለሰ አስቸገረኝ፤ እርጎና ምግብ ይረዳል?

የማለዳ ጤዛ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማውራት ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ዝም ማለቱ ሰልችቶኛል።

ለጉሮሮ ሕመም አንቲባዮቲክ ታዞልኝ ወስጄ ጨረስኩ። ጉሮሮዬ ዳነ። በሳምንቱ ግን ብልቴ አካባቢ ማሳከክ ጀመረኝ። ነጭ፣ እንደ አይብ ፍርፍር ያለ ፈሳሽ መጣ። ስሸና ያቃጥለኛል። ክሬም ገዝቼ ተጠቀምኩ፣ ተወኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ተመለሰ። ደግሞ ክሬም፣ ደግሞ ተመለሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ይሄ አራተኛዬ ነው። አንድም ጊዜ አልተመረመርኩም፤ ምልክቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ «የካንዲዳ ዳይት» የሚባለውን አገኘሁ፤ ካንዲዳ የዚሁ ፈንገስ ስም ነው። ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም፣ ፍራፍሬ የለም፣ ጥራጥሬ የለም፣ እርሾ የነካው ነገር ሁሉ የለም። ሦስት ሳምንት ያዝኩት። ያዞረኛል፣ ሥራ ላይ ድካም ድካም ይለኛል፣ ማሳከኩ ግን እንዳለ ነው። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሳሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ምራቄን እተፋለሁ። ሩብ ሰዓት ቆሜ አየዋለሁ። ክር ክር እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል። «ክር ከሠራ ካንዲዳ ሰውነትሽን ወርሶታል» ይላሉ። በየቀኑ ያቺን ብርጭቆ እያየሁ ነው ቀኔን የምጀምረው።

እርጎ፣ ፕሮባዮቲክ ምናምን ሞክራችሁ የተሻላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ፕሪባዮቲክ የሚባለውስ ምንድን ነው? ስሙ ተመሳሰለብኝ።

ነጭ አበባ

እህቴ አይዞሽ። ከ4 ሴቶች 3ቱን ቢያንስ አንዴ የሚያገኝ ነገር ነው። ምንም የሚያሳፍር የለውም።

እኔም እንዳንቺው ሲመላለስብኝ ነበር። ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ስኳር የሌለው እርጎ እጠጣለሁ። ዓመት አለፈኝ፣ አልተመለሰብኝም። እርጎው ነው ብዬ አልምልልሽም፤ መድኃኒቱም አለ። ግን ሆዴም ስለተስማማው አልተውኩትም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እርጎም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ወደ ውስጥ አስገቢ የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ነጭ ሽንኩርት ልጬ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቀን መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቆስዬ ነው ሐኪም ጋ የደረስኩት።

መድኃኒት ቀማሚ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዳንቺ ያለ ጥያቄ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ ብርጭቆዋን ተያት። ምራቅ ውስጥ ሙሲን የሚባል የሚዝለገለግ ፕሮቲን አለ። ሌሊት አፍ ስለሚደርቅ የጠዋት ምራቅ ወፍራም ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ክር ይሠራል፣ ይወርዳል። የእኔም እንደዚያ ይሆናል፤ የማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ ይሆናል። ካንዲዳ ራሱ እኮ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥ ይኖራል። መኖሩ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው በዝቶ የሰውነትን ሽፋን መውረር ሲጀምር ነው። በብርጭቆ ውሃ ይሄንን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ አራቱም ጊዜ ፈንገስ እንደነበረ በምን አወቅሽ? በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ «ፈንገስ ነው» ብለው ያለ ሐኪም መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን መረመረ። ካንዲዳ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። ሌሎቹ የባክቴሪያ መዛባት ወይም የተደባለቀ ነገር ነበረባቸው። ምንም በሽታ ያልተገኘባቸውም ነበሩ። ሲያሳክክ ሁሉም አንድ ይመስላል።

«አሲድ አድርጊው» የሚል ምክርም ታነቢ ይሆናል። ጤናማ ብልት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፣ አሲድ ነው። በካንዲዳ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆያል። ከ4.5 በላይ የሚወጣው በባክቴሪያው መዛባት ጊዜ ነው። ካንዲዳ አሲዱን ለምዶ ይኖርበታል። ስለዚህ በአቼቶ መታጠብ ቁስል እንጂ ፈውስ አያመጣም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ፈንገስ አይነካም። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የካንዲዳ ጎረቤቶች ናቸው። ቦታውንም ምግቡንም ይሻሙታል፣ ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። እነሱ ሲመነምኑ ሜዳው ለካንዲዳ ይለቀቃል። ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተህዋስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2001 ያወጡት ትርጉም ይሄ ነው። ፕሪባዮቲክ ደግሞ የእነዚህ ተህዋሲያን ቀለብ ነው፤ የእኛ አንጀት የማይፈጨው፣ እነሱ ግን የሚበሉት የምግብ ክፍል። ፕሮባዮቲክ እንግዳው ነው፣ ፕሪባዮቲክ ስንቁ።

ይረዳል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ማስረጃው ሁለት መልክ አለው። በ1992 የወጣ ጥናት ነበር። ፈንገስ የሚመላለስባቸው 33 ሴቶች ነበሩበት። ግማሽ ዓመት በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ያህል ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ ያለበት እርጎ ይበላሉ፣ ግማሽ ዓመት አይበሉም። እርጎ በሚበሉበት 6 ወር በአማካይ 0.38 ጊዜ ታመሙ፤ በማይበሉበት 2.54 ጊዜ። ትልቅ ልዩነት ነው። ችግሩ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 13 ብቻ ናቸው። እርጎ ጀምረው ከነበሩት አንዳንዶቹ ደግሞ «አሁን አቁሙ» ሲባሉ እምቢ አሉ።

በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ ጥናት ተሠራ። ልክ እንዳንቺ አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው ሴቶች ላይ ነው። ላክቶባሲለስ በአፍም በብልትም ተሰጣቸው። ፈንገሱን አልከለከለላቸውም። ጥቅም ስላልታየ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። በ2017 የተሰበሰቡት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ደግሞ፣ ከመድኃኒት ጋር ሲወሰድ ለአጭር ጊዜ ሊያግዝ ይችላል ተባለ። ማስረጃው ግን ደካማ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምይዘው ይሄንን ነው። እርጎ የመድኃኒት አጋዥ ነው። ብቻውን ተልኮ የሚያሸንፍ አይደለም።

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ «ተደጋጋሚ» ይባላል፤ ያንቺ እዚያ ገብቷል። ናሙና ተወስዶ ካልቸር ይሠራልሽ፤ ተህዋሱን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው። ግላብራታ የሚባለው የካንዲዳ ዝርያ ከሆነ የተለመደው የጸረ ፈንገስ ክኒን፣ ፍሉኮናዞል፣ ብዙም ላይበግረው ይችላል። ስኳርሽም ይለካ። እርግዝና ከጠረጠርሽ ክኒኑን በራስሽ እንዳትወስጂ። ለነፍሰ ጡር የሚመረጠው ለ7 ቀን ብልት ውስጥ የሚደረገው መድኃኒት ነው።

የራሴ መንገድ

ይቅርታ ግን እኔ አልስማማም። ስኳርና ዳቦ ካቆምኩ ወዲህ ሰው ሆኛለሁ። ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋ ነበር፤ አሁን የለም። ካንዲዳ እርሾ ነው። እርሾን በስኳርና በዳቦ እየቀለቡ እንዴት ይሞታል? እህቴ ሦስት ሳምንት ትንሽ ነው፣ ቀጥይበት።

መድኃኒት ቀማሚ

ወንድሜ፣ ስለተሻለህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ጣፋጭና ነጭ ዱቄት መቀነስ ለማንም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅትም የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ሆድህ የተነፋው ግን በካንዲዳ ነው ለማለት ይከብዳል። ስንዴ ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል፣ አንጀት የማይፈጨው ነገር ራሱ ብዙ ሰው ይነፋል።

የዳቦ እርሾ ሳካሮማይሲስ የሚባለው ነው። ካንዲዳ ሌላ ፍጥረት ነው። ዳቦ ሲጋገር ደግሞ እርሾው ይሞታል። ስኳሩን በተመለከተ በ1999 የታተመ ጥናት አለ። ጤነኛ ሰዎች ብዙ የተጣራ ስኳር እንዲበሉ ተደርጎ በአንጀታቸው ያለው ካንዲዳ ተለካ። ለውጡ ውስን ነበር። ብዙው ስኳር ትንሹ አንጀት ላይ ስለሚመጠጥ ታች ድረስ አይዘልቅም።

በደምና በሽንት ስኳር ሲበዛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም ፈንገስ ይጠራል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት ኤስጂኤልቲ2 የሚባሉት መድኃኒቶችም ብልት ላይ ፈንገስ ያመጣሉ። ምግብ ትልቅ ድርሻ የሚኖረው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ ዳይቱ ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ፍራፍሬውን፣ ጥራጥሬውን፣ አጃውን፣ ድንቹን ሁሉ ያስቆማል። እነዚህ እኮ ፕሪባዮቲኮቹ ናቸው! ካንዲዳን አስርባለሁ ስትዪ የሚጠብቁሽን ባክቴሪያዎች ነው የምታስርቢያቸው። በአንድ በኩል እርጎ እየጠጡ በሌላ በኩል ቀለቡን መቁረጥ እንግዳ ጠርቶ ማዕድ ማንሳት ነው። እባክሽ ወደ ምግብሽ ተመለሺ። የሚያዞርሽ ከርሃቡ ሊሆን ይችላል፤ ካልተወሽ ለሐኪሙ ንገሪው።

የአፌ ነገር

እኔ 61 ዓመቴ ነው። ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ እጠቀማለሁ። ምላሴ ላይ ነጭ ነገር ይወጣብኛል፣ ስፍቀው ይደማል። ይሄም ያው ካንዲዳ ነው አሉኝ። ለእኔስ እርጎ ይሆናል?

መድኃኒት ቀማሚ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። መድኃኒቱን በነፉ ቁጥር ወዲያው አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉት። አይዋጡት። መንፊያው ላይ የሚገጠም ስፔሰር የሚባል ቱቦ ካለ እሱም ብዙ ይረዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ማታ አውልቀው ያጽዱት፣ ለብሰውት አይደሩ። አሁን ያለው ግን በጸረ ፈንገስ ነው የሚጠፋው፤ ለሐኪምዎ ያሳዩት። የአስም መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቆሙ።

በምግብ በኩል በ2007 ፊንላንድ ውስጥ የወጣ ደስ የሚል ጥናት አለ። አረጋውያን ለ16 ሳምንት በየቀኑ ፕሮባዮቲክ ያለበት 50 ግራም አይብ በሉ። አፋቸው ውስጥ ብዙ ፈንገስ የነበረባቸው ከ30 በመቶ ወደ 21 ወረዱ። ተራ አይብ የበሉት ግን ከ28 ወደ 34 ወጡ። ስለዚህ ከሕክምናዎ ጎን ስኳር የሌለው እርጎ ቢለምዱ ጥሩ ነው።

ነጭ አበባ

አንድ ልጠይቅ። ታናሽ ወንድሜ ኬሞ ላይ ነው። አፉን ፈንገስ ይዞታል። የፕሮባዮቲክ እንክብል ልግዛለት?

መድኃኒት ቀማሚ

እህቴ፣ ካንሰር ሐኪሙን ሳትጠይቂ በፍጹም እንዳትሰጪው። ፕሮባዮቲክ ሕያው ነገር ነው። የመከላከል አቅሙ የወደቀ ሰው ላይ፣ በተለይ ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ካለው፣ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የሚባለው ፕሮባዮቲክ ራሱ እርሾ ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ታማሚዎች ደም ውስጥ የተገኘበት ጊዜ አለ። ቤት የተብላላ ምግብም ቢሆን ጠይቂ። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ለሌሎቻችሁም፣ ቡላርዲ ፈንገስ ስለሆነ ከጸረ ፈንገስ ክኒን ጋር አብራችሁ ከወሰዳችሁት መድኃኒቱ እሱንም ሊያዳክመው ይችላል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የጓዳ ሰው

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ማብላላት ግን የዘወትር ሥራዬ ነው። ሰው ሕያው ነው ብሎ የሞተ ሲገዛ ስለማይ ልናገር።

እርጎ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ሕያው ባክቴሪያ አለበት የሚል ፈልጉ። ከረጋ በኋላ በሙቀት የታከመ ከሆነ ባክቴሪያው የለም። ወጥ ውስጥ ጨምራችሁ ካፈላችሁትም እንደዚያው። ፍራፍሬ ያለበት የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር ነው፤ ተራውን ገዝታችሁ ሙዝ ክተፉበት። አቼቶ ውስጥ የተቀመጠ አትክልት ስለሚኮመጥጥ የተብላላ ይመስላል። አይደለም። ኮምጣጣነቱ ከአቼቶው ነው፣ ሕያው ነገር የለበትም።

ጥቅል ጎመን ቀላሉ ነው። 1 ኪሎ በቀጭኑ እከትፋለሁ፣ 20 ግራም ጨው እነሰንስበታለሁ። ከዚያ በእጄ አሸዋለሁ። መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። አምስት ደቂቃ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል። አሥር ሲሞላ ጨበጥ ሳደርገው ውሃው በጣቶቼ መሀል ይወርዳል። ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቄ ውሃው ከላይ እስኪሸፍነው እጫነዋለሁ። ክዳኑን ጠበቅ አላደርግም፤ ጋዝ ይወጣዋል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን አረፋ ይሠራል፣ ሽታው ይቀየራል። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ወደ ፍሪጅ። ከውሃው በላይ የቀረ ቅጠል ይሻግታል፤ ፀጉር ያወጣ ወይም ቀለም ያለው ሻጋታ ካየሁ ሙሉውን እደፋዋለሁ። ደም ብዛት ያለባችሁ ጨው እንዳለበት አትርሱ።

ፕሪባዮቲኩ ደግሞ ውድ ዱቄት አይጠይቅም። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ አጃ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ሙዝ። ድንች ቀቅላችሁ ፍሪጅ አሳድሩት። ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ከፊሉ ይጠነክራል፣ ትንሹ አንጀት አይፈጨውም፣ ታች ላሉት ባክቴሪያዎች ይደርሳል።

ግን ቀስ በሉ። እህቴ አንቺ ሦስት ሳምንት ከጥራጥሬ ርቀሽ ዛሬ አንድ ሳህን ባቄላ ብትበዪ ሌሊቱን ሆድሽ ያስለቅስሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሁለት ሦስት ማንኪያ ምስር ይበቃል። ውሃ ጠጪ። አንጀቱ ቁጡ የሆነ ሰው ሽንኩርትና ባቄላ ላይስማማው ይችላል። አጃ ለብዙዎች ይቀላል።

የማለዳ ጤዛ

ከወር በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሄድኩ። ናሙና ተወሰደ፣ ካልቸር ተሠራ። ካንዲዳ አልቢካንስ ነው፤ መድኃኒት የማይበግረው ዓይነት አይደለም። ስኳሬ ደህና ነው። ሐኪሟ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም በየሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ አዘዘችልኝ፤ ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ለ6 ወር። ሌላ መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል አለችኝ። ቀድሞ አንድ ቱቦ ክሬም ተጠቅሜ ማሳከኩ ሲተወኝ አቆም ነበር። የረጅም ጊዜ ሕክምና እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር።

ስለ ምግቡ ስነግራት ዳይቱን አስቆመችኝ። የዚያን ቀን ማታ ሙዝ በላሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖኝ ስለነበር እንባዬ መጣ። አሁን ጠዋት አጃ በእርጎ ነው። ምስር በየቀኑ። ማዞሩ ጠፋ፣ ሆድ ድርቀቴም ለቀቀኝ። ማሳከኩ በአምስተኛው ቀን ገደማ ነው የተወኝ። እሱ የክኒኑ እንደሆነ አውቃለሁ።

የጓዳ ሰው፣ አንድ ነገር እርዳኝ። እርጎ ቤት ልሥራ ብዬ ሁለቴ ከሸፈብኝ። ወተቱን አፈላሁት፣ ከገዛሁት እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበት፣ ሸፍኜ አሳደርኩት። ጠዋት ያው ወተት ነው።

የጓዳ ሰው

እህቴ፣ ወተቱ እየፈላ ሳለ ከጨመርሽው ባክቴሪያዎቹን ቀቅለሻቸዋል። ወተቱን ሊፈላ ሲል አውጪው፤ 85 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ጠብቂ። እስከ 43 ዲግሪ ይውረድ። መለኪያ ከሌለሽ የታጠበ ጣትሽን ክተቺ። እስከ አሥር ቆጥረሽ ሞቅ እያለሽ ከቻልሽው ደርሷል። ማውጣት ካማረሽ ገና ነው። ጭራሽ ካልሞቀሽ አልፏል፣ ትንሽ አሙቂው። እርጎውን መጀመሪያ በጥቂት ወተት በጥብጪና ጨምሪ። በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ ሞቃት ቦታ አስቀምጪ፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ሳትነቀንቂው ይቆይ። የምትጨምሪው እርጎም ሕያው መሆኑን እይ።

የማለዳ ጤዛ

የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው! እየተንተከተከ ነው የጨመርኩት። ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

የማለዳ ጤዛ

ረጋ! ዕቃውን ዘንበል ሳደርገው አልፈሰሰም። ማንኪያ ስሰድበት እንደ ቁራጭ ሆኖ ወጣ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ውሃ አቀረረ። ምራቄን ስተፋባት የነበረችውን ብርጭቆ በፈላ ውሃ አጠብኳትና በእሷ ቀዳሁት።